በረዶ የቀደምንበት ሐሙስ

ከዓይኔ ርቀው ከልቤ ላልራቁት ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጋሼ ይድረስ፤

እንደምን ከርመዋል? መጋዝ ሲስቡ የሚያስቸግርዎት ትከሻዎስ ተሻለው? የእማዬ ጉልበትስ? እትዬስ፣ ልጆቹስ፣ ቤቱስ ደጁስ እንዴት ነው? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል እንደ ወትሮው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ዛሬ የምጽፍልዎ ደረቴን ነፍቼ ነው። እባክዎ ጮክ ብለው ያንብቡት፣ እማዬም ትስማ።

የምሠራው እንደሚያውቁት በአበባው እርሻ መለያ ክፍል ነው፤ የተቆረጠውን አበባ በቁመቱ እየለየን እናስራለን። አሠሪያችንን በስውር ኮስታራው እንለዋለን፤ ፊቱን ሲፈታ ያየው የለም። የዛሬ ሦስት ዓመት ኮስታራው ዳፎዲል የሚባል አበባ አስመጣ። ብርዱ ሊለቅ ሲል ከሁሉ ቀድሞ የሚፈነዳ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ዋንጫ ያለው አበባ ነው፤ የሚበቅለውም ሽንኩርት ከመሰለ ሥር ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቢጫውን ነው፤ እነዚህ ግን እምብዛም የማይገኙ ዘሮች ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ሲያወጡ ተናደደና "ነቅላችሁ ጣሉልኝ" አለ። አንጀቴ አልቻለም። "ለእኔ ይስጡኝ" አልኩት። ከግቢው ጫፍ ያለችውን ድንጋያማ መሬትም "ከቻልሽበት ያውልሽ" ብሎ ሰጠኝ። ያኔ ስጽፍልዎ "አበባ ሆድ አይሞላም፣ ዐርፈሽ ሥራሽን ሥሪ" ብለው መለሱልኝ። አልተቀየምኩም፤ ግን ዐርፌም አልተቀመጥኩም።

ከሥራ ስወጣ ድንጋይ ለቀማ፣ በዕረፍት ቀኔም ድንጋይ ለቀማ ሆነ። ባልደረቦቼ "እመት ሽንኩርት" የሚል ስም አወጡልኝ፣ እኔም ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ። እያንዳንዱን ሥር የቁመቱን ሦስት እጥፍ አጥልቄ ተከልኩ። በሁለተኛው ዓመት አበቡ። ጋሼ፣ ምን ብዬ ልንገርዎ! አንደኛው ነጭ ሆኖ ዋንጫው እንደ ዘይቱን ውስጥ ቀላ ያለ ነው። ሌላው ተደራርቦ ተደራርቦ ዋንጫው የት እንደገባ አይታወቅም። በአንድ ዘንግ ላይ አምስት ስድስት ሆኖ የሚያብብ ደቃቃም አለ፤ አንዱ ዘንግ ብቻውን ክፍሌን በመዓዛው ይሞላዋል።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ቱሊፕ ከሚባለው ሌላ አበባ ጋር እቅፍ እቅፍ አድርጌ አስሬ ከተማ ላለች ባለ አበባ ቤት ሰጠኋት። በማግስቱ ባልዲውን ይዛ መጣች። ቱሊፑ አንገቱን ደፍቶ ደርቋል። በሰው ፊት "ያንቺ አበባ ጎረቤቱን ይገድላል" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እልህ ያዘኝና አንዱን ከቱሊፕ ጋር፣ አንዱን ለይቼ እያስቀመጥኩ ስፈትን ሰነበትኩ። ለካስ ዳፎዲል ሲቆረጥ ከዘንጉ የሚወጣው ልሃጭ የመሰለ ፈሳሽ ነው ገዳዩ! ቀኑን ሙሉ ለብቻው ውሃ ውስጥ ውሎ ፈሳሹ ካለቀለት፣ ዘንጉም እንደገና ካልተቆረጠ፣ ማንንም አይነካም።

ዘንድሮ ያችው ሴትዮ ራሷ መጣች። ልጇን ልትድር ነው፤ የቀጠረችው አበባ አብቃይ አበባው ዘግይቶበት ጥሏታል። ዓይን ዓይኔን እያየች "ያን ጊዜ በሰው ፊት ተናግሬሻለሁ፤ አሁን ደግሞ በሰው ፊት እለምንሻለሁ" አለችኝ። ሠርጉ ቅዳሜ ነው። ሐሙስ ጠዋት ግን ከሰዓት በኋላ ከባድ በረዶ እንደሚወርድ ሬዲዮው ተናገረ። አበባዬ ገና እንቡጥ ነው። ኮስታራው "እንቡጥ ቆርጠሽ ለሙሽራ ሣር ልታስይዣት ነው? ተዪው፣ በረዶውም ላይመጣ ይችላል" አለኝ።

ቢሆንም ሦስት ዓመት አጎንብሼ ያየሁትን አውቃለሁ፦ ቀጥ ብሎ የቆመ እንቡጥ ከተቆረጠ አይፈነዳም፤ አንገቱን እንደ ዳክዬ የሰበረ ግን ውሃ ውስጥ ይከፈታል። "አንገቱን የሰበረውን ብቻ!" እያልኩ መቁረጥ ጀመርኩ። በምሳ ሰዓት የመለያ ክፍሉ ሴቶች ምሳቸውን ትተው እየሮጡ መጡ። አሥራ አንዳችንም ጎን ለጎን ሆነን ቆረጥን። የመጨረሻውን ባልዲ ስናስገባ በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ሲያባራ ወጥቼ ባየው ማሳው ላይ የቆመ ዘንግ የለም። አላለቀስኩም።

ዓርብ ጠዋት የክፍሉን በር ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ነጩም፣ ተደራራቢውም፣ ደቃቃውም ፈንድቷል። እኔም ከቱሊፕና አኔሞን ከሚባል ሰማያዊ አበባ ጋር አስማምቼ አሰርኩት። ሙሽራዋ ቅዳሜ ከእነ ቀሚሷ መለያ ክፍል ድረስ መጥታ አቀፈችኝ። እናቷም አጅቧቸው ለመጣው ሠርገኛ ሁሉ "ይህን ያበቀለችው እሷ ናት!" እያለች አሳየችኝ። እኔም በሥራ ሽርጤ፣ በጭቃ ጫማዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ለምን ልፈር?

ሰኞ ኮስታራው ጠራኝ። ተሳስቼ ነበር አላለም፣ እሱ ቢሞትም አይወጣው። "ከጀርባ ያለውን ሰፊ ማሳ ለፀደይ አበባ ለቅቄያለሁ፤ አንቺ ትመሪዋለሽ፣ ሴቶቹንም ታስተምሪያቸዋለሽ" አለኝ። መለያ ክፍሉ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሎልኛል። ጋሼ፣ ከስድስተኛ ክፍል የቀረችው እህትዎ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳ ፊት ቆማ አሥር ሴቶች ደብተራቸውን ገልጠው ይጠብቋታል። መጀመሪያ የጻፍኩት ቃል "ሥር" የሚለው ነው። ፊደሉም ቀጥ ብሎ ወጣ።

እማዬን ጉልበቷን ስመው ሰላም ይበሉልኝ። ለእትዬ፣ መርፌና ክር ለማይለያት፣ ናፍቆቴን ይንገሩልኝ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን፣ ትንሿን ግንባሯን ይሳሙልኝ። ለጎረቤታችን ለአናጢው ሽማግሌም እጅ እነሣለሁ። እርስዎ ደግሞ ትከሻዎን ይታከሙ፤ ይህ ምክር ሳይሆን የአስተማሪ ትእዛዝ ነው።

እህትዎ

በእርሻው ግቢ ከመለያ ክፍሉ፣ መጋቢት ፲፱ ቀን