ከኦይታ መብራት ጋር የተጣላሁበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3
ልጄ ፀደይ ደወለች። እሑድ ማታ አንድ ሰዓት ላይ በሬዲዮ ዜና ታነባለች... የመጀመሪያዋ። "አባዬ፣ ድምፄ ከተንቀጠቀጠ እውነቱን ንገረኝ" አለች። በምን ሰምቼ? ሰሞኑን ሬዲዮው ሲመሽ ይጮኻል። ባለቤቴ እጅጋየሁ መብራት አብርታ "እንደምን አመሸህ" ስትለኝ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ሳልጨርስ... ድዝዝዝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
የሰፈሩ መብራት ጠፋ። ሬዲዮው በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ ከፈትኩት። ጥርት ብሎ ተሰማ። እንግዲያው ጥፋቱ የመብራት ነው። የማን መብራት? የጎረቤታችን የሸማኔው የኦይታ ነዋ። ከመስቀል ወዲህ ሽመና ቤቱ ውስጥ ረጅም ነጭ ፍሎረሰንት ሰቅሏል። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ በከንቱ አላስተማርኩም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5
ሄጄ ነገርኩት። መወርወሪያውን አቁሞ አየኝ።
"መምህር፣ መብራት እኮ አፍ የላትም። በምኗ ትጮኻለች?"
በጣቴ አየር ላይ ሞገድ ሣልኩለት። አልገባውም። ግን "ለፀደይ ከሆነማ ትጥፋ" አለ። ደግ ሰው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ኦይታ በሻማ ሲሸምን አመሸ። ሬዲዮው ግን... ድዝዝዝ። ሽቦው ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ ይኖር ይሆን?

ዓርብ፣ ጥቅምት 7
የኦይታ ሚስት ሻሺቱ አንድ ነጠላ ይዛ መጣች። ጥለቱ መሃል ላይ ተጣሟል። "በሻማ የተሠራ ነው" ብላ ሰጥታኝ ሄደች። ማፈሩንስ አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
የኤሌክትሪክ ጠጋኙን ጢሞቴዎስን ከሲቀላ ሰፈር አስጠራሁት። መሸ፣ እጅጋየሁ አበራች፣ ሬዲዮው ጮኸ። ወደ ኦይታ ቤት ይሄዳል ስል፣ እጁን ዘርግቶ የራሳችንን ሳሎን መብራት አጠፋ። ጸጥ። አበራ... ድዝዝዝ። አጠፋ... ጸጥ። እኛም ቤት ፍሎረሰንት ነው ለካ። አሥር ዓመት ከሥሩ ተቀምጬ...
"መብራቱን የሚያስነሳው ባላስት አርጅቷል። ሰኞ እቀይረዋለሁ" አለ። የኦይታንም አስበርቶ ሞከረ። ደህና ነው።
እጅጋየሁ "ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ..." ብላ ተወችው። ባትጨርሰውም ገባኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9
ጠማማውን ነጠላ ለብሼ ኦይታን ይቅርታ ጠየቅኩት። "ተዉ መምህር፣ ያምርብዎታል" አለኝ።
ማታ እሱና ሻሺቱ እኛ ቤት መጡ። የእኛን አላበራንም። የኦይታ መብራት በመስኮት ይገባልናል፤ ይበቃል። መብራት ስላልበራ እጅጋየሁም እንደምን አመሻችሁ አላለችም። አንድ ሰዓት ሆነ።
"እንደምን አመሻችሁ" አለች ፀደይ።
"እግዚአብሔር ይመስገን" አልናት አራታችንም። ኦይታ ጎንበስ ብሎ ነው የመለሰላት። ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ።
ድምፅዋ መሃል ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። እንዳበቃች ደወለች። "አባዬ፣ እውነቱን። ድምፄ ተንቀጠቀጠ አይደል?"
"የእኛ መብራት ነው" አልኳት።