ድራፍቱ እንዳይሞቅብህ

ጎበዜ፣

የድራፍቱን ማቀዝቀዣ ለሰንበት መብራቱን በራሱ ከሚያበራና ከሚያጠፋው የሻባት ሰዓት ነቅዬ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክቼዋለሁ። ባለፈው ሻባት፣ ሰዓቱ መብራቱን ሲያጠፋ ማቀዝቀዣውም አብሮ ጠፋ፤ ቢራው ሞቆ አረፋ ብቻ ሆነ። ሰዓቱ ላይ የሰካኸው አንተ! በእንግዳ ፊት ግን «ይሄ ባላገር ድራፍት የት ያውቃል» ብለህ አሳቅህብኝ።

ይሁን።

አሁን አራት ዲግሪ ላይ ነው፣ አትነካካው። በረዶ እንዳትጨምርበት፣ ይቀጥናል። ብርጭቆውን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው።

ሀብታሞቹ የኢር ያሚም ሰፈር አማቶችህ ዛሬ እንደሚመጡ ከጎረቤታችን ከኦርኒት ሰማሁ። አንድ ጣሪያ ሥር እያደርን አንተ አልነገርከኝም!

የድራፍቱን መቅጃ እጀታ ነቅዬ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ሩቅ አልሄድኩም፣ ሕንፃው ሥር አግዳሚው ላይ ነኝ። ሲጠማቸው በረንዳ ወጥተህ «ወንድሜ ቃኘው፣ ና አብረን እንጠጣ» በል።

ጮክ ብለህ። አማቶችህ ይስሙ።

ቃኘው