ኢ.ኢ.አር. የተባለው ድርጅት

ነቀምቴ፣ ግንቦት 8 ቀን 1970 ዓ.ም.

ለምወድሽ እትዬ፣

ከፋሲካ ወዲህ እንዴት ሰነበትሽ? ያ የጉልበትሽ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይስ እንደበረታብሽ ነው? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይህን የምጽፍልሽ በገዛ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነው። መታሰሬን ሲሬ ድረስ ወሬ አምጥቶልሽ እንደሆነ አሁን ተፈትቻለሁና አታልቅሺ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የማቀዝቀዣና የማሞቂያ ዕቃ ጠጋኝ መሆኔን ታውቂያለሽ። ለደረጃ እድገት ፈተና ስዘጋጅ፣ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ያልገቡኝን ቃላት እያወጣሁ ትርጉማቸውን በደብተር እጽፍ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሰዎች ቤቴን ሊፈትሹ መጡ። ፍራሼን ገለበጡ፣ ጓዳውንም ቆጡንም አዩ። የፈለጉትን ሲያጡ ደብተሩን ወሰዱ፣ እኔንም አስከትለው ሄዱ።

የመረመረኝ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ካድሬ ነው። «ኢ.ኢ.አር. የሚባለው ድርጅት መሪ ማነው?» አለኝ። ድርጅት ሳይሆን የማቀዝቀዣ መለኪያ ነው ብዬ ብነግረው፣ «የመጀመሪያው ኢ ኢትዮጵያ መሆኑን ደርሰንበታል፤ ሁለተኛውን አንተ ንገረን» አለ። ከጎኑ «ቢ.ቲ.ዩ. 9000» ብዬ ጽፌ ስለነበር የአባላቱ ቁጥር ነው አለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ኦቦ ገቢሳ እንኳ፣ «ያን ያህል ሰው ሲሰበሰብ እኛ ሳናይ?» ብለው አጉረመረሙ። «ቁጥሩ ከፍ ያለው ይሻላል» ያልኩበት መስመር ላይ ደግሞ ካድሬው በቀይ አሰመረበት። ቢያስቅም አልሳቅኩም። ከዚያ ያነሰ ወረቀት ተገኝቶባቸው ከዚያ ክፍል ያልተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ሦስት ቀን ያንኑ ስደጋግም ከረምኩ። የሆስፒታላችን የመድኃኒት ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሎሚ በየቀኑ ምሳ ታመጣልኝ ነበር። ዘበኛው ምንሽ ነው ቢላት «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ ነው» አለችው። ሐሙስ ዕለት ግን ሳህኑን ሰጥታኝ አልተመለሰችም። ኦቦ ገቢሳ ፊት ቆማ፣ «እነዚያ ፊደላት እኮ እኛ ግምጃ ቤት መስኮት ላይ ካለው ማቀዝቀዣ ጀርባ ተጽፈዋል፤ መጥታችሁ እዩ» አለቻቸው።

ሄድን። ካድሬው ተንበርክኮ ማቀዝቀዣው ጀርባ ላይ ያለውን የብረት ሰሌዳ አቧራ በእጅጌው ጠረገና ከደብተሬ ጋር ፊደል በፊደል አስተያየ። ቢ.ቲ.ዩ.ው ማቀዝቀዣው በሰዓት ከክፍሉ የሚያወጣው ሙቀት እንደሆነ፣ ዋቱ የሚበላው መብራት እንደሆነ፣ ዘጠኝ ሺው ለአንድ ሺህ ሁለት መቶ ሲካፈል የሚገኘው ኢ.ኢ.አር. እንደሆነ ነገርኩት። ያ ቁጥር ከፍ ካለ ዕቃው በትንሽ መብራት ብዙ ያቀዘቅዛል ማለት ነው አልኩት። ደብተሬ ላይ ራሱ አካፈለ። ሰባት ተኩል ወጣ። ሰሌዳውም ሰባት ተኩል ይላል። አላመነም መሰለኝ፣ እንደገና አካፈለ። ያኔ እኔ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ቁጭ አልኩ።

ካድሬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባለቤቴ አራስ ናት፣ ቤታችንም ብርድ ነው። ማሞቂያ ብገዛ ዋቱ ትልቅ የሆነው ይሻላል?» አለኝ። «ጓድ፣ ትልቅ ዋት ብዙ መብራት መብላት ነው። መጀመሪያ ኮርኒስ ያስመቱ፣ የበሩንም ሥር ይድፈኑ፤ ሙቀቱ የሚያመልጠው በዚያ ነው» አልኩት። ደብተሬን መለሰልኝ፤ እኔም በጠራራ ፀሐይ ቤቴ ገባሁ። እስከ ማግስቱ ተኛሁ።

ይህን በፖስታ ስለምልክልሽ ሐተታ አላበዛም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። በየካቲት አደራ ብለሽ የላክሽልኝ ብርድ ልብስ እኔ ዘንድ የለም። ያን ሰኞ ማለዳ ወደ አሶሳ ለሚሄድ ነጋዴ ሰጠሁት። መንገዱ ሦስት ቀን ይፈጃል ብሎኝ ነበር። ነጋዴው ትናንት ተመለሰ። ብርድ ልብሱ ሞቃቱ አገር በደህና ገብቷል፤ ይበላል፣ ይተኛልም አለኝ። ስለዚህ እነሱ ከደብተሬ ጋር ሲታገሉ ባለፉት ሦስት ቀናት አልቆጭም። አንቺም እንቅልፍሽን ተኚ። ቀሪውን ሎሚ ወደ ሲሬ ስትመጣ በአፏ ታጫውትሻለች፤ እባክሽ እንደ እህት ተቀበያት።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ልጆችሽን፣ የቅርቡንም የሩቁንም፣ ይጠብቅልሽ።

ያሳደግሽው ታናሽ ወንድምሽ