የዋይፋዩ አዲስ ፓስወርድ

ጽናት፣
ደብረ ብርሃን ሄጃለሁ፤ እሁድ እመለሳለሁ።
ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ። ስትወጪ ቁልፉን እትዬ በዛወርቅ ጋ ተዪው።

የዋይፋዩን ፓስወርድ ቀይሬዋለሁ።

ትናንት ለትምህርት ዕድሉ ልመዘገብ ስል ገጹ አልከፈት አለኝ። ፊልም እያወረድሽ ነበርና "ትንሽ አቁሚልኝ" ብዬ ለመንኩሽ። "ሊያልቅ ነው" አልሽኝ። ፊልምሽ ሲያልቅ ምዝገባው ተዘግቶ ነበር።

ፓስወርዱ ቀላል ነው። ሰፈሩ በደቦ የኢንተርኔቱን ገመድ ምሰሶ ሲተክል ጉድጓዱ ውስጥ የወደቀችው በግ የማን ነበረች? የባለቤቷ ስም ነው። ሆዳችንን እስኪያመን ስለሳቅን ደቦ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ብትጠይቂያቸው ግን "አንቺ የት ነበርሽ?" ይሉሻል።

ያን ቀን ራሴን አመመኝ ብለሽ ተሸፋፍነሽ ተኝተሽ ነበር።

እግዜር ይማርሽ።

ሰርካለም