ነሐሴ ሠላሳ አንድ

ነሐሴ 24 ቀን 1980

ዝናብ። የጭላሎ ተራራ ዛሬም አልታየም። ለእርሻ ቢሮው ሁለት ኮምፒዩተር መጥቷል። ኃላፊው አቶ ወልደጻድቅ ጠሩኝ። "ወይዘሮ ፋናዬ፣ ጽሕፈቱን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት። ሁለቱንም ይሞክሩና የሚሻለውን ይንገሩኝ። አንዱ ይቀራል፣ አንዱ አዲስ አበባ ይመለሳል።"

እኔ ልምረጥ? ማንበብ የተማርኩት ብቻዬን፣ ከሟቹ ባሌ አሮጌ ጋዜጣ... መምሪያ መጽሐፉን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው።

ነሐሴ 26

ከዲሮ ከግምጃ ቤት መጥቶ አስረዳኝ። የሁለት ሳምንት ስልጠና ወስዶ ዶክተር ሆኗል። ልዩነቱ ፕሮሰሰሩ ነው አለ፣ የሚያስበው ክፍል። አንደኛው ዘገምተኛ፣ አንደኛው ፈጣን።

"ለደብዳቤ ሁለቱም ይሆናል፣ እትዬ ፋናዬ። የዘር ዝርዝር ሲበዛና ጨዋታ ላይ ነው የሚለዩት።"

"ጨዋታ ምን ያደርግልኛል?"

"ገበጣ ሠርቼበታለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ላሸንፍዎት ነው!"

ዘገምተኛው ጠዋት ሲበራ ሆዱ ውስጥ ያንኳኳል። ቋ... ቋ... ቋ። ከዚያ የዛሬው ቀን ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል። ፈጣኑ አይጠይቅም፣ ቀኑን በባትሪ ይዞታል። ሲያንኳኳ ሳላውቀው ተነስቼ በሩን አየሁ። ከዲሮ ሳቀብኝ። "ዲስኩን እያነበበ ነው እንጂ ሰው አይደለም!"

ነሐሴ 28

ገበጣ ተጫወትኩ። ፈጣኑ እጄን ሳላነሳ ጨረሰኝ። ዘገምተኛው ግን ያስባል... አንድ ደቂቃ ያህል። ባሌ ገብረ መድህን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንደዚሁ ነበር። ጠጠሩን በመዳፉ ይዞ ዝም ይል ነበር። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ።

ጳጉሜ 1

ዘገምተኛው ቀኑን ጠየቀኝ። ወር 13፣ ቀን 1 ብዬ ጻፍኩ። አልቀበልም አለ። ደገምኩ። አልቀበልም።

ከዲሮ፣ "የፈረንጅ ነው፣ ከአሥራ ሁለት ወር በላይ አያውቅም። ነሐሴ 30 ይበሉትና ይለፍ" አለኝ። አልኩት። ተቀበለ።

እንግዲህ እዚህ ኮምፒዩተር ውስጥ ጳጉሜ የለም። ጳጉሜ 3 የለም።

ጽፌው አላውቅም። ዛሬ ልጻፈው። 1969፣ ጳጉሜ 3፣ እኩለ ቀን። ገብረ መድህንን የሚፈልጉት አሳሾች ቤቱን ፈትሸው መሄዳቸው ነበር። በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። "ፋናዬ፣ እኔ ነኝ" አለ። ከበሩ ጀርባ ቆሜ ነበር። ፈራሁ። አልከፈትኩም። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ያዙት። አልተመለሰም። ኮቱ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ለእህቱ ለእትዬ አባይነሽ፣ ገበያ ነበርኩ አልኳቸው። አሥራ አንድ ዓመት አመኑኝ።

ያን ቀን የማያውቅ ነገር አገኘሁ ማለት ነው?

ጳጉሜ 2

ዛሬም ነሐሴ 30 አልኩት። ለአቶ ወልደጻድቅ ዘገምተኛው ይሁን ብዬ ነገርኳቸው። "ቀርፋፋው? ለምን?" "ይመቸኛል።" ግንባራቸውን አሹ።

መውጫ ላይ ገበጣ ጀምሬ ሳለ የሠራተኛ ሰርቪሱ ክላክስ አደረገ። ተራው የእኔ እንደሆነ ትቼው ሮጥኩ። ሳላጠፋው።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። የሰፈሩ ልጆች ዝናቡ ውስጥ እየጮሁ ይታጠባሉ።

ቢሮውን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዘገምተኛው በርቷል። ገበጣው አልቋል። ተራው እኮ የእኔ ነበር... ማን ተጫወተልኝ? ከዲሮ ጨዋታ ሲያልቅ ቀኑ እንዲጻፍ አድርጎታል። ከሥሩ ወር 12፣ ቀን 31 ይላል።

ነሐሴ ሠላሳ አንድ። በማን አገር?

ዘበኛውን ቶላን ጠየቅኩት። "ያ ዋቃ! ቁልፉ እርስዎ ጋ አይደል እንዴ?" አለኝ።

ከዲሮ መጣ። "በርቶ ስላደረ ቀኑን ራሱ ቆጥሮ ነው። የፈረንጅ አሥራ ሁለተኛ ወር 31 አለው።"

"ጨዋታውንስ?"

ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ። ከዚያ፣ "ፕሮግራሙ ላይ ስሕተት ይኖር ይሆናል" አለ። አልሳቀም።

ጳጉሜ 3ን የለም ብዬው ነበር። ለራሱ ስም አውጥቶ መጣ። ሄጄ ፈጣኑን አየሁት። ሴፕቴምበር 8 ይላል፣ የጳጉሜ 3 የፈረንጅ ስሙ። እሱም ጋ አለ። ሳይጠይቀኝ።

ጳጉሜ 4

"አቶ ወልደጻድቅ፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ፈጣኑ ይሁን።"

"ደግሞ ምን ተገኘ?"

"ቀኑን እኔን አይጠይቀኝም።"

"እርስዎ ደግሞ!" ብለው ሳቁ። ዝርዝሩንም ቶሎ ያወጣል ብዬ ጨመርኩ። እሱን ጻፉት።

መስከረም 1 ቀን 1981

ሳጉሬ ሄድኩ፣ እትዬ አባይነሽ ጋ። እንኳን አደረሰሽ ብለው ሊስሙኝ ሲመጡ ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

"ገበያ አልነበርኩም።"

የቱ ገበያ ብለው አልጠየቁኝም።

"ቤት ነበርሽ?"

"ነበርኩ።"

"ድምፁን ሰማሽው?"

"ሰማሁት።"

 የያዙትን ሳህን አስቀመጡ። "ሂጂ፣ መኪና ሳያመልጥሽ" አሉ። ሁልጊዜ እስከ መናኸሪያው ይሸኙኝ ነበር። ዛሬ ከወንበራቸው አልተነሱም።

መስከረም 5

ዘገምተኛው ተጭኖ ሄደ። ፈጣኑ የሮቤን ገበሬዎች የዘር ዝርዝር ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ አወጣው። ገበጣውን ግን ማንም አይነካውም። "ከዚህ ጋር መጫወት ስድብ ነው" ይላል ከዲሮ።

ከሰዓት የሳጉሬው ሹፌር ብጣሽ ወረቀት አመጣልኝ። የእትዬ አባይነሽ እጅ ጽሑፍ ነው።

"የወንድሜን ኮት ላኪልኝ። ከእንግዲህ አንቺ ቤት አይደር።"

ቤት ሄጄ ኮቱን ከግድግዳው አወረድኩት። አጣጥፌ ለሹፌሩ ሰጠሁት። ኪሱን አልፈተሽኩም።