የዲኤክሷ በር

ሚዛን ተፈሪ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለአባቢያ
ቱም

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረምክ? ገበያው ደርቶልሃል? ጨጓራህስ ተሻለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በስልክ የልጃችንን የዩስራን ስም ባነሳሁ ቁጥር «ኔትወርክ አስቸገረ» ትለኛለህ። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግምና ይኸው ጻፍኩልህ።

ዲኤክስ መኪናህን ብታያት አታውቃትም። ያ የግራ በሯ ጭረት፣ ልጅህን «ሁለተኛ መሪዬን እንዳትጨብጪ» ብለህ አኩርፈሃት ለንግድ የወረድክበት፣ ዛሬ በጣት ቢዳብሱት አይገኝም። ጋራዥ አልሄደችም። እዚሁ ግቢያችን፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ዩስራ ራሷ ናት የሠራቻት። ወደ ጥላው ስናስገባት እንኳ መሪውን አልያዘችም፤ ጎረቤታችን ጋሽ በዛብህ ይዘውልን እኔና እሷ ከኋላ ገፋናት።

ያቺ ሩዝ ለመልቀም ትዕግሥት የሌላት ልጅ! ጭረቱን በአሸዋ ወረቀት አለስልሳ፣ ቀለሙን አመሳስላ ቀብታ፣ እስኪደርቅ ሳምንት ጠበቀች። ከዚያ መኪናዋን ሙሉ አጥባ ቀለም የሚጠብቀውን አብረቅራቂ ቅባት ጀመረች፤ ሴራሚክ ነው የሚሉት። መዳፍ መዳፍ በምታህል ቦታ በስፖንጅ ትቀባለች፣ ቶሎ ብላ በለስላሳ ጨርቅ ትወለውላለች። «አንድ ቀን ሙሉ ውሃም አቧራም እንዳይነካት» ብላ አስጠነቀቀችን። ሠላሳ ዓመት መኪና የነዱት ጋሽ በዛብህ አጥር ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና «እጅሽ ይባረክ! ምነው አባትሽ ባየሽ» አሉ። እኔም በልቤ አሜን አልኩ።

የሚዛንን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ አያስፈቅድም። ገና ከመጨረሷ ነፋስ ቀላቅሎ መጣና ከጎን ገባ። እኔ መርዳቴ ነው፤ ሮጬ ቡና የምናሰጣበትን ሸራ አምጥቼ አለበስኳት። ሲያባራ ብንገልጠው የቡናው ገለባ ኮፈኗ ላይ ከነቅባቱ ተጣብቋል። የስንት ቀን ልፋቷ! ጋሽ በዛብህ «ማነው ይሄን ያለበሰው?» ብለው ሲጮኹ አፌን ሳልከፍት ዩስራ «እኔ ነኝ፣ ቸኩዬ ነው» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ያንን ሁሉ ፍቃ አነሳችና እንደገና ጀመረች።

አባቢያ፣ ያን ጊዜ አለቀስኩ። በሩንም የጫረችው እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። አንተ ለጁምዓ ሰላት እንደወጣህ መንዳት አሳዪኝ ብዬ ለምኜያት፣ ከግቢው በር ምሰሶ ጋር አጋጨኋት። አንተ ስትደርስ መሪው ጋ ያገኘሃት መኪናዋን ልታስተካክል ገብታ ነው። «እኔ ነኝ» አለችህ፤ እኔም ዝም አልኩ። አራት ወር ዝም አልኩ። እሷ አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም። ፈራሁህ ብልህ ሰበብ ነው፣ ያፈርኩት በራሴ ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ከእኔ መውጣቷ ይገርመኛል፤ ትዕግሥቷን ከማን እንደወሰደች እንጃ፣ ከሁለታችንም አይደለም።

አሁን ዲኤክሷ ደጅ ቆማ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ፊቱን ያይባታል። ዩስራ ግን ቁልፉን አትነካም። «ገበያ አድርሺኝ» ስላት «አባዬ አትጨብጪ ብሎኛል» ትለኛለች። ማታ ማታ ስልኳ ላይ ቁጥርህን ታወጣና አይታው ሳትደውል መልሳ ታስቀምጠዋለች።

ይህን እንደጻፍኩልህ አታውቅም። አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ መንገድህን ያቅናልህ፣ በሰላም ያገናኘን። ደብዳቤው እንደደረሰህ መጀመሪያ ለእሷ ደውልላት። እኔን ወረፋዬ ሲደርስ ትቆጣኛለህ።

ጥፋተኛዋ ሚስትህ
ዘሀራ