ፈላጊን ያለ መልስ የማይሸኝ ቤት፦ የዶ/ር ማስረሻ ካሳ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ በአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን የምንሰነባበታቸው ዶ/ር ማስረሻ ካሳ፣ ከአባታቸው ከአቶ ካሳ ይገረም እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሸዋርካብሽ ደመቀ ሐምሌ 12 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዲስ ከተማ፣ ሰባተኛ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የነበረው ልጅ በጨቅላነቱ ስላረፈ ስማቸው ማስረሻ ተባለ። እናታቸው ግን የመጀመሪያውን አልረሱም፤ ሁለተኛውንም እንዳያጡ ሲሰጉ ኖሩ። ልጁ ሲያስነጥስ ወደ ጠበል፣ ከትምህርት ቤት ሲዘገይ እስከ አውቶቡስ ተራ ፍለጋ ይሄዱ ነበር።

አባታቸው መርካቶ ውስጥ ዛላ በርበሬ ይነግዱ ነበር። ማስረሻ በሕፃንነታቸው የቀን እንቅልፋቸውን የሚተኙት በሱቁ ጆንያዎች ላይ ነበር። አቶ ካሳ ፈላጊን «የለም» ብለው የማይመልሱ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ጋ የጠፋውን ዕቃ «ጠሂራ ጋ ሂዱ፣ ደህና አላት» እያሉ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይልኩ ነበር። ወ/ሮ ጠሂራም ወደ እሳቸው ይልኩ ነበር።

ዶ/ር ማስረሻ ትምህርታቸውን በ1984 ዓ.ም. በሰፈራቸው ጀምረው በ1995 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አጠናቀቁ። በቀጣዩ ዓመት አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን ትተው ሱቁን ሊይዙ ፈልገው ነበር፤ እናታቸው አልፈቀዱም፣ ሱቁን ራሳቸው ያዙት። በምግብ ሳይንስ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪያቸውን በአገር ውስጥ ከሠሩ በኋላ፣ ዶክትሬታቸውን በ2008 ዓ.ም. ቤልጂየም ጨርሰው ተመለሱ። እናታቸው ልጄ አይመለስም ብለው ሰግተው ነበር። በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ተቀጠሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሎዛ ሰብሐት ጋር ጋብቻ ፈጽመው ፍቅርአዲስ የተባለች ሴት ልጅ አፈሩ።

ዶ/ር ማስረሻ ያጠኑት በበርበሬ ላይ የሚወጣውን ሻጋታና ሻጋታው የሚያመነጨውን፣ ጉበት የሚጎዳውን መርዝ ነው። ወደ መርካቶ መጥተው ጆንያ ክፈቱልኝ ሲሉ፣ ነጋዴው ገበያ ሊያበላሽብን ነው ብሎ ፊቱን አዞረ። እናታቸውም በቂም ሱቁ ይቃጠልብናል ብለው ፈሩ። መጀመሪያ የከፈቱት ወ/ሮ ጠሂራ ናቸው፤ ሻጋታውም የተገኘው በእሳቸው ጆንያ ነው። ወ/ሮ ጠሂራ ተቀይመው ጥቂት ሰነበቱ። ከዚያ ጆንያዎቹን ከሲሚንቶው ወለል አንሥተው በእንጨት ርብራብ ላይ ደረደሩ። ሁለተኛው ምርመራ ንጹሕ ሆነ። ዶ/ር ማስረሻም ጥናቱን ሲያሳትሙ ከራሳቸውና ከባልደረባቸው ከዶ/ር ሱሀይር ስም ቀጥሎ የወ/ሮ ጠሂራን ስም አኖሩ።

በ2013 ዓ.ም. ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ሲያመለክቱ ማዕረጉ አልተሰጣቸውም። ገምጋሚዎቹ ጥናታቸውን የጠቀሰው ሰው ጥቂት ነው፣ ከሌሎች ጋር የሠሩትም የሚያዝላቸው በሲሶ ነው፣ ደግሞስ የበርበሬ ነጋዴ ስም እዚህ ምን ይሠራል አሏቸው። ስሙ ይውጣ ቢባሉ፣ ጆንያዋን ባትከፍት ሥራው የለም ብለው እንቢ አሉ። በዚያ ቀን ከመሳለሚያ በእግራቸው ወደ ሱቁ መጥተው ከእናታቸው አጠገብ ተቀመጡ። እናታቸው ከሥራ የተባረሩ መስሏቸው ነበር።

«አባዬ ሰው ወደ እትዬ ጠሂራ ይልክ የለ? እንደሱ ነው እማዬ» አሏቸው። «ሌላው ተመራማሪ በጽሑፉ አንባቢውን ወደ እኔ ሲልክ ይቆጠርልኛል።»

«ስንት ሰው ላከልህ ታዲያ?»

«አራት። ሁለቱ ራሴ ነኝ።»

እናትና ልጅ ሳቁ። ከዚያ በኋላ አብረው የሳቁት ብዙ አይደለም።

አንዳንድ ባልደረቦቻቸው እኛ አንተን እንጥቀስ፣ አንተም እኛን ጥቀስ ብለዋቸው ነበር። ዶ/ር ማስረሻ ይህን፣ መኪናው የሞላ እንዲመስል አውቶቡስ ተራ ውስጥ ከሚቀመጡት የሐሰት ተሳፋሪዎች ጋር አመሳስለው ተዉት። እናታቸው ተቀበል ብለው ለምነዋቸው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጉበታቸውን ታመሙ። እናታቸው፣ ያ ሕፃን ሆነህ የተኛህበት ጆንያ ይሆን ወይ ብለው ጠየቋቸው። «የአንድ ሰው ብቻ ታይቶ ምክንያቱ አይታወቅም፣ እማዬ» ብለው ሌላ ነገር አነሡ። በአገር ውስጥ በሕክምናም በጠበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የማዕረጋቸው ጉዳይ እንደገና ቀርቦ በመታየት ላይ ነበር።

ትናንት ዶ/ር ሱሀይር ድንኳኑ ውስጥ ከእናታቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ ጥናቱ እስከ ዛሬ ሠላሳ አንድ ጊዜ መጠቀሱ በዚህ ጽሑፍ ላይ እንዲገባ ጠየቁ። ከካምፓላና ከካርቱም ሳይቀር በስም የማያውቋቸው ተመራማሪዎች አንባቢ ልከውላቸዋል። ወ/ሮ ሸዋርካብሽ አላለቀሱም። ከሠላሳ አንዱ ውስጥ እሱ ራሱ ስንቱ ነው ብለው ጠየቁ።

«ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ እማማ» አሉ ዶ/ር ሱሀይር። «ከዚያ ወዲህ አልጨመረም።»

ይኸው ገብቷል። ወ/ሮ ጠሂራም ከትናንት ጀምሮ ሱቃቸውን ዘግተው ድንኳኑ ውስጥ ናቸው። በርበሬ ፈልጎ የመጣ ሰው ሁለቱንም ሱቅ ዝግ አግኝቶ ተመልሷል።

ዶ/ር ማስረሻ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሎዛንና ልጃቸውን ፍቅርአዲስን ትተው አልፈዋል። እናታቸው ወ/ሮ ሸዋርካብሽም አሉ።

አባታቸው ፈላጊን ያለ መልስ አልሸኙም፤ እሳቸውም እንዲሁ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጁ አይመልስ። አሜን።